ለጓሳ የሚሆን ሌንስ

በፎቶግራፍ አንሺነት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው ደጋግሞ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ለምን ጠጋ ብለሽ አታነሺውም?» ይሉኛል። ሹፌሮች ጠይቀውኛል፣ የቀበሌ ሊቃነ መናብርት ጠይቀውኛል፣ አንድ ጊዜም ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ በሬ የሚነዳ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ጠይቆኛል። አልፈርድባቸውም። ያን ሁሉ ዕቃ በአህያ አስጭኜ ኮረብታ ላይ ከወጣሁ በኋላ ማዶ ያለውን ነገር በሩቁ ለማንሣት ስታገል ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል?

መልሱ አጭር ነው። ጠጋ ስትሉ ሌላ ፎቶ ነው የምታነሡት። ከሩቅ ስታዩት ተራራው ከሰውየው ጀርባ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ሰውየው አጠገብ ስትደርሱ ግን ሰውየው ይገዝፋል፣ ተራራው ያንሳል፣ በመካከል የነበረው ሸለቆም ይሰወራል። ሁሉን እንደነበረ ይዞ ወደራስ ለማቅረብ የግድ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። የትኛው ረጅም ሌንስ? የሚለው ግን አጭር መልስ የለውም። እኔና ጋሽ በላቸው ይህን ለማወቅ ዓመታት ፈጅተናል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ ታሪኩን ልጽፈው ተነሣሁ።

የተወለድኩት ቀየት ከሚባል ደጋ አገር ነው። ገና ልጅ ሳለሁ አክስቴ አዲስ አበባ ወስዳ አስተማረችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለአዳራሾች የአገሩን መልክዓ ምድር በትልልቅ ፎቶግራፍ በሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ጊዜው ነው። የተመደብኩት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጣቢ ሆኜ ነበር። ደመወዙ የረባ አልነበረም፣ እሱን ልተወው።

የጨለማ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በላቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ነበርና ፊልም ሲያጥቡ ሰዓት አይመለከቱም። የሰኞን ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ ያደርሳሉ፤ ሲጨርሱ ፊልሙ ደርሷል ማለት ነው። አለቃችን አቶ ጌታሁን ይህን ሲሰሙ ደንግጠው በጨለማ የሚያበራ ሰዓት ገዙልን። ጋሽ በላቸው ሰዓቱን አመስግነው ተቀበሉና ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ውዳሴ ማርያማቸውንም ቀጠሉ። አንድ ቀን ሁለቱን ሳስተያያቸው ልዩነት አጣሁባቸው።

ከጨለማው ክፍል አውጥተው ካሜራ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። የእኛ ካሜራ ኪስ የሚገባ አይደለም። ፊት ለፊቱ ሌንስ፣ ኋላው ደብዛዛ መስታወት ነው። በሁለቱ መካከል እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ ቆዳ አለ፤ እኛ «ሆዱ» እንለዋለን። ፊልሙ እንደ ሌላው ጥቅል ሳይሆን መዳፍ የሚያህል አንድ አንድ ቅጠል ነው። ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው መስታወቱን ሲመለከቱ አገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ። ብዙ ድካም አለው። ግን ያ ትልቅ ፊልም በግድግዳ ልክ ሲታተም ማዶ ተራራ ላይ ያለች ፍየል ቀንዷ ይቆጠራል።

ጋሽ በላቸው ቦታው ላይ ስንደርስ ዕቃ እንድፈታ አይፈቅዱልኝም። ሳጥኑ ላይ ቁጭ ይላሉ። «መጀመሪያ እንየው» ይላሉ። በጀመርኩ ሰሞን ያናድደኝ ነበር፤ ደመናው እየሄደ፣ ብርሃኑ እየተለወጠ፣ እሳቸው ቁጭ! በኋላ ግን ተቀምጠው ያላዩትን እንደማያነሡ ገባኝ።

ታዲያ አንድ በጋ አቶ ጌታሁን እንደ ልማዳቸው በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ትልቅ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ትልቅ፣ ጠረጴዛቸው ትልቅ።

«መሐል ሜዳ ላይ አዳራሽ እየተሠራ ነው» አሉ። «አንዱ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጓሳ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ጓሳ ሲከፈት! ሰዉ ሣሩን ሲያጭድ! ተነሡ!»

ጓሳን ለማያውቅ ሰው ልንገር። መንዝ ውስጥ ያለ ሰፊ ብርዳም ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ሲሆን በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድም ይገመዳል። ነዋሪው ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል። በዚያን ጊዜ አንዲት ዘለላ አይታጨድም፤ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ይጠብቁታል። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። ያን ዕለት ከየአጥቢያው ሰው ማጭዱን ይዞ፣ አህያና ፈረሱን እየነዳ ይተማል። አንዴ ካመለጠ ደግሞ ዳግም እስኪከፈት ዓመታት መጠበቅ ነው።

ጓሳ በተከፈተበት ዕለት ስንደርስ የጠባቂዎቹ አለቃ አቶ ዘነበ ከሸለቆው ትይዩ ያለ ኮረብታ ላይ አወጡን። ጋሽ በላቸው ሳጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። ከሥራችን ወርቅ የመሰለ የሣር ሸለቆ፣ በውስጡ የሚያጭደው ሰው፣ ከሰዉ በላይ እንደ ምሰሶ የቆመ የጅብራ ተክል የበቀለበት ሸንተረር ይታያል። ከሸንተረሩ ወዲያ ገደሉ ተንዶ ቆላው በጉም ውስጥ ድርብርብ ሆኖ ይወርዳል። የቀየት ልጅ ነኝ፤ ይህን ሳይ ግን አፌ ተከፍቶ ቀረ።

በለመድነው ሌንስ ስናየው መስታወቱ ላይ ሰማይና ባዶ ኮረብታ ብቻ ሞላ። ሰዉ እንደ ጤፍ ሆነ። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ያመጣነውን አንዱን ረጅም ሌንስ ገጠምን። ይህ ሌንስ ቴሌፎቶ የሚባለው ዓይነት አልነበረም፤ ተራ ረጅም ሌንስ ነው። ተራ ረጅም ሌንስ ደግሞ በቁመቱ ልክ ሆድ ይፈልጋል። የካሜራውን ሆድ አንድ ክንድ ያህል እስኪሆን ዘረጋነው። ምስሉ መጣ! ሰዉ፣ ሸንተረሩ፣ ገደሉ፣ ሁሉም።

ነፋሱም መጣ። መጀመሪያ የወሰደው ጥቁር ጨርቄን ነው። እንደ ቁራ እየበረረ ገደል ገባ። ጨርቁ ከሌለ ደግሞ መስታወቱ ላይ ምንም አይታይም። ዝቅ ብላ የምታጭድ እታገኝ የምትባል፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ የሆነች ሴት ጨርቁ ሲበር አይታ ኖሮ እየሳቀች ወጣች። የባሏን ጥቁር በርኖስ ከፈረሱ ላይ አንሥታ ነበር።

«እንቺ፣ በዚህ ተከናነቢ» አለችኝ። «ይሄን የጓሳ ነፋስ አይሸከመውም።»

በርኖሱ የበግ ጠጉር ይሸታል፣ ከባድ ነው፣ ብርሃን ደግሞ ጨርሶ አያስገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ሌላ ጨርቅ አልተጠቀምኩም፤ በኋላ የራሴን አሠርቻለሁ።

«እኔንም አንሽኝ እንግዲህ» አለች እታገኝ ስትወርድ።

«ሁላችሁም አላችሁበት» አልኳት።

ነፋሱ ጋብ ሲል እየጠበቅን፣ በዣንጥላና በብርድ ልብስ እየከለልን፣ ያለንን ፊልም በሙሉ አነሣን። ከጓሳ ስንወርድ በደስታ እየዘፈንኩ ነበር።

አዲስ አበባ ጨለማ ክፍል ገብተን ፊልሙን ካጠብን በኋላ የመጀመሪያውን ቅጠል መብራት ላይ ያዝኩት። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሆኗል። እያንዳንዱ ጅብራ ሁለት ሆኗል። ሁለተኛውን አየሁ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም። አንድም የተረፈ አልነበረም። ዓመታት ተጠብቆ የተከፈተ ጓሳ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እታገኝ ከነማጭዷ፣ ሁሉም ጠፋ። ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጋሽ በላቸው የተበላሹትን ፊልሞች ልክ እንደ ጥሩዎቹ አንድ በአንድ አለቅልቀው ገመድ ላይ ሰቀሏቸው።

«ለምን ይደክማሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምን እንደነካቸው ሳይነግሩን እንዲሄዱ አልፈልግም» አሉ።

ሲደርቁ በአጉሊ መነጽር አብረን አየናቸው። ሰዉ ሁለት የሆነው ሁልጊዜ ወደ ጎን ነው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሄደ የለም። የካሜራው መቆሚያ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሆን ነበር። ያ የተዘረጋ የቆዳ ሆድ ነው ነፋሱን እንደ ጀልባ ሸራ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያወዛወዘው። እኛ ነፋሱ ያረፈ ሲመስለን ሆዱ ገና አላረፈም ነበር።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ በላቸው መነጽሩን ሲያስቀምጡ፣ ፊታቸውም ፈካ ብሎ ነበር፣ «ሆዱ አጭር፣ ዓይኑ ረጅም የሆነ ሌንስ ነው የምንፈልገው።»

ቴሌፎቶ የሚባለው ይኸው ነው። ከኋላው በተጨመሩለት መስታወቶች ምክንያት ሩቁን ያቀርባል፣ ሆዱ ግን ያን ያህል መዘርጋት አያስፈልገውም። በነጻ አይደለም ታዲያ። ይከብዳል፤ የካሜራውን አፍንጫ ወደ መሬት ይጎትታል። የሚሰጠው ምስልም ከፊልሙ ብዙ ስለማይሰፋ የካሜራውን ፊት እንደልብ ማጋደል አይቻልም። በዚያ ላይ ቁመቱ ብዙ ዓይነት ነው። የትኛው?

ይህን ለመወሰን ጋሽ በላቸው ሌንስ አላስፈለጋቸውም። ካርቶን ወስደው መሐሉን በፊልማችን ልክ ቀደዱት። ካርቶኑ ላይ ሲባጎ አሰሩና ሲባጎው ላይ ቋጠሮዎች አበጁ። ቋጠሮውን ጉንጭ ላይ አድርጎ፣ ሲባጎውን ወጠር አድርጎ በቀዳዳው ሲመለከቱ፣ የሚታየው አገር በዚያ ቁመት ባለው ሌንስ የሚነሣው ነው። የመጀመሪያው ቋጠሮ የለመድነው ሌንስ ነው፣ መካከለኛው የሦስት መቶ ስልሳ ሚሊሜትሩ ቴሌፎቶ፣ የመጨረሻው የአምስት መቶው።

ካርቶናችንን ይዘን እንደገና ጓሳ ወጣን። ሣሩ ተዘግቶ ነበር፤ ሸለቆው ጭር ብሏል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ብቻ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ይለቅማሉ። እታገኝ መምጣታችንን ሰምታ ገብስ ቆሎ ይዛ መጣች።

«እህስ፣ እኔ የታለሁ?» አለች ገና ከሩቁ።

«ጠፍተሻል» አልኳት አንገቴን ደፍቼ። «ሁላችሁም ጠፋችሁ።»

«ያ ሁሉ ሕዝብ?»

«ያ ሁሉ ሕዝብ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሞኝ ካሜራ! በርኖሳችን በከንቱ ነዋ የዋለው!»

እኔ የማስበው የአምስት መቶውን ነበር። ካቀረቡ አይቀር ጥሩ አድርጎ ማቅረብ ነው ብዬ። ካርቶኑን እየተቀባበልን ማየት ጀመርን። እታገኝ በመጨረሻው ቋጠሮ አይታ «ይሄ ነው! እዚያ ጋ ሰው ቢቆም አፍንጫው ይለያል» አለች። እኔም ደስ አለኝ። አቶ ዘነበ ግን ካርቶኑን ወደ ላይም ወደ ታችም ቢያንቀሳቅሱት አልጥም አላቸው።

«ሸለቆውን ሳገኝ ገደሉን አጣለሁ» አሉ። «ገደሉን ሳገኝ ሸለቆው ይሸሻል። ገደሉ ከሌለ ይሄ ጓሳ መሆኑን በምን ያውቁታል? የማንም ሣር ነው።»

«የኔ ቤት ሰዎች ግን እኔን ማየት ነው የሚፈልጉት!» አለች እታገኝ።

ተከራከሩ። ጋሽ በላቸው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ያዳምጣሉ። በመጨረሻ እኔው ካርቶኑን ተቀብዬ በመካከለኛው ቋጠሮ አየሁ። ሸለቆው ከታች፣ ሸንተረሩ ከነጅብራው መካከል፣ ገደሉና ቆላው ከላይ፣ ሁሉም ሳይጨናነቅ ገባ።

«ሰዉ ግን ያንሳል ጋሼ» አልኳቸው።

«ሰዉን ለፊልሙ ተዪለት» አሉ። «የእኛ ፊልም ትልቅ ነው፣ ሰዉን አይጥልም። አገሩን ግን ሌንሱ ካላስገባው ፊልሙ ከየት ያመጣዋል?»

በዚሁ ተወሰነ። አቶ ዘነበ ለእታገኝ «አፍንጫሽ አይጠፋም፣ አይዞሽ» አሏት።

የቀረው አቶ ጌታሁን ነበሩ። ፒያሳ አንድ አሮጌ የካሜራ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ሌንሶች እንዳሉ ደርሰንበት ነበር። አለቃችን ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አምስት መቶ እያለ ሦስት መቶ ስልሳ የምንገዛው ምን ሆነን ነው?»

ካርቶኑን ሰጠኋቸው፣ መስኮታቸው ጋ ወስጄም የመጨረሻውን ቋጠሮ ጉንጫቸው ላይ አስያዝኳቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

«ማዶ ያለው ሕንፃ... አንድ መስኮት። ሰውየው ሻይ ይጠጣል። በሥራ ሰዓት!»

«አሁን በመካከለኛው ይዩት።»

ቋጠሮውን ቀይረው አዩና ቀስ ብለው «ሕንፃው ሙሉ ነው» አሉ። «ባሕር ዛፉም አለ። እንጦጦም ከኋላ አለ። ሰውየው ግን አሁንም ሻይ እየጠጣ ነው።» ካርቶኑን መለሱልኝና ወረቀቱን ፈረሙ። የግዥው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ብዙ ዞረ፤ ሌንሱ ግን እጃችን ገባ።

ጓሳ እስኪከፈት በሌንሱ ተለማመድን። የጊሼን ሸንተረሮች፣ የመርሐቤቴን ገደላ ገደል አነሣንበት። ቅርቡም ሩቁም ጥርት እንዲል የካሜራውን ፊት ሲያጋድሉት ምስሉ ከመስታወቱ ላይ እየሸሸ ሲያስቸግረኝ፣ ጋሽ በላቸው ፊቱን ትቼ ኋላውን እንዳጋድል አሳዩኝ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ጭጋግ በረጅም ሌንስ እጥፍ ሆኖ እንደሚታይም ያወቅነው ያኔ ነው። ስለዚህ በጠዋት፣ ቢጫ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ አድርገን መሥራት ጀመርን።

በመካከሉ ጋሽ በላቸው ጡረታ ወጡ። ጉልበታቸውም ደክሞ ነበር። አቶ ዘነበ ጓሳ የሚከፈትበት ቀን መቆረጡን ሲልኩብኝ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ።

«ያለ እርስዎ አልወጣም» አልኳቸው።

«እኔ አሁን ሸክም ነኝ» አሉ።

አቶ ዘነበ ይህን ሰምተው ኖሮ መኪናው በሚቆምበት ቦታ ላይ በቅሎ ከነኮርቻዋ አቁመው ጠበቁን። ጋሽ በላቸው በቅሎዋ ላይ ወጥተው ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሲቀመጡ ሰዉ ሹም የመጣ መስሎት መንገድ ለቀቀ። ተደሰቱ፤ እስከ ኮረብታው ድረስ ለሰዉ እጅ እየነሡ ሄዱ።

ሸለቆው እንደ ዱሮው በሰው ተሞልቷል። መቆሚያውን ዝቅ አድርጌ ተከልኩት፣ ከሥሩ ድንጋይ የሞላ ጆንያ አንጠለጠልኩበት፣ ሌንሱን ገጠምኩ። ሆዱ አጭርና ጥብቅ ሆኖ ተቀመጠ። ነፋሱ እንደ ልማዱ መጣ፤ በርኖሴ ተርገበገበ፣ ሆዱ ግን ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን ስመለከት በተገለበጠው አገር ውስጥ ማጭዶቹ ሲያብለጨልጩ ታየኝ። ጮክ ብዬ «ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ!» አልኩ።

ከበርኖሱ ወጥቼ ዞር ብል ሳጥኑ ባዶ ነው። በቅሎዋም የለችም። ደክሟቸው ጥላ ፍለጋ የሄዱ መሰለኝ። ብርሃኑ ስለማይጠብቀኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ነፋሱ ፋታ በሰጠኝ ቁጥር ሌንሱን ከፍቶ የሚዘጋውን ሽቦ እየተጫንኩ ፊልሜን ጨረስኩ። ጋሽ በላቸው የመጡት ዕቃዬን ከሰበሰብኩ በኋላ ነው። ባርኔጣቸው ላይ የጓሳ ሣር ሰክተው ነበር። የት እንደዋሉ ብጠይቃቸው «ሰው ሳጫውት» ብለው ወደ በቅሎዋ ሄዱ።

ፊልሙን ያጠብኩት ብቻዬን ነው። በሰዓቱ ላጥበው አስቤ ነበር፤ እጄ ፊልሙን ሲነካ ግን አፌ ውዳሴ ማርያሙን ጀመረ። መብራት ላይ ስይዘው እያንዳንዱ ሰው አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጅብራ አንድ ብቻ ነው። ጩኸቴን የሰሙት አቶ ጌታሁን አንድ ነገር የደረሰብኝ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ፎቶውን ሲያዩ እሳቸውም ጮኹ።

አዳራሹ ሲመረቅ ፎቶው ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት ነበር። ንግግሩን ማንም አላዳመጠም። ሰዉ ግድግዳው ሥር ተኮልኩሎ ራሱን ይፈልጋል። «ይሄ ፈረስ የኔ ነው!» «ኧረ የኔ ነው፣ የግንባሩን ቦቃ አታይም?» ይባባላሉ። አንዱ ሁሉም ሲያጭድ እሱ ነዶ ተደግፎ ተኝቶ ተገኘና ሚስቱ አገር ሰምቶ እስኪስቅ ተቆጣችው። እታገኝ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇ ሣሩ ላይ፣ ሌላው ማጭዷ ላይ፣ ተገኘች።

«ይኸው!» አለች በጣቷ እየነካች። «አፍንጫዬም አለ!» ከዚያ ጣቷን ወደ ጎን ወሰደችና «ይሄ ሰውዬስ ማነው? የኛ አገር ሰው አይደለም» አለች።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ መሐል ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ፊቱ ወደ እኔ ነው። ከኋላው ሸንተረሩ፣ ከሸንተረሩ ኋላ ገደሉ አለ። መስታወቱ ላይ ከገብስ ፍሬ ያነሰ ስለነበረ አላየሁትም ነበር።

ዞር ስል ጋሽ በላቸው ከሰዉ ኋላ ቆመው ይስቃሉ።

«ጋሼ! ምን ሊሠሩ እዚያ ወረዱ?»

«አርባ ዓመት ሰው አነሣሁ» አሉ። «የራሴ ያለኝ የመታወቂያዬ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አገር ከኋላዬ ቆሞ ደግሞ መቼ እነሣለሁ ብዬ ነው።»

«ከዚያ ሁሉ ርቀት ሆነው መቼ እንደምከፍተው በምን አወቁ?»

«ሌላው ቢያጣው እኔ አጣዋለሁ?» አሉኝ። «ነፋሱ አረፈ፤ ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ትንፋሼን ያዝሁ። በዚያች ቅጽበት እንደምትከፍቺው አውቃለሁ።»